አማቴ በእኔ ደረት ሲታመሙ

እናንተዬ፣ ሰው ምንም ሳይሆን ሆስፒታል ገብቶ፣ ሸሚዙን አስወልቀውት፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈውበት፣ "ኧረ እኔ አልታመምኩም!" ባለ ቁጥር "አይዞህ፣ ይሻልሃል" ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ሆኜ ነው የማውቀው። ድንጋጤው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላዝዘው የሸሚዜን ቁልፍ ይይዛል።

ነገሩን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። አስተማሪ ስለሆነች በዚያ ሳምንት ፈተና ልትቆጣጠር ደነባ ተመድባ ነበር። ከመሄዷ በፊት እናቷን ከአንኮበር አስመጥታ፣ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት አሳርፋ፣ ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዛ፣ ሁሉን ነገር አሰናድታ ስታበቃ ለእኔ አንዲት ትንሽ ሥራ ብቻ ተወችልኝ፦ አማቴን ሆስፒታል ወስዶ የሚያማቸውን ማስነገር።

"እማዬ ከስታለች" አለችኝ መናኸሪያው ላይ ቦርሳዋን ሳቀብላት። "የሆነ ነገር አላት። ስጠይቃት ጉልበቴን ነው ትለኛለች። የጉልበት አይደለም፤ እኔ አውቃታለሁ። አንተ እንደምንም ብለህ ሐኪሙ ፊት አናግራት። ፈርቻለሁ።"

"ችግር የለም" አልኳት። እሷ ግን ችግር የለም ባልኩ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል፤ ያን ቀንም ተለዋወጠ።

እስቲ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ አስካለ ከአንኮበር አልዩ አምባ ገበያ ወርደው፣ በርበሬያቸውን ገዝተው፣ ያንን ዳገት በእግራቸው የሚመለሱ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ እኔና እሳቸው አንቱ ስንባባል ነው የኖርነው። እኔ ፊት አይጎርሱም። ሲስቁ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደሩ?" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?" ይላሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ብርዱ እንዴት ነው?" እላለሁ። እንዲህ እየተባባልን ሻዩ ይቀዘቅዛል። ታዲያ እኚህን ሴት "ሆድዎን ነው ወይስ ወገብዎን?" ብዬ ልጠይቃቸው? ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ እንጂ አላደርገውም!

ሰላምታ ደግሞ የሚወዱት ነገር ነው። እኛ ቤት የሚደረሰው ኮብልስቶን የተነጠፈበት ዳገት ተወጥቶ ነው። እማማ አስካለ ከባጃጅ ከወረድንበት እስከ በራችን ድረስ ያገኙትን ሁሉ ቆመው ነው የሚጠይቁት። ባለሱቁን፣ ልብስ የምታሰጣዋን፣ የጎረቤቱን ዘበኛ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ አባቱ እግር ይጠይቁታል። እኔ ዓመታት ኖሬ "ሰላም ነው?" ብዬ የማልፈውን ሰው እሳቸው በመጡ ማግስት በስሙ ይጠሩታል። በር ላይ የታሰረ በግ እንኳ አያልፋቸውም፤ "አንተስ ደህና ነህ?" ብለው ቆመው ያዩታል። እኔም ጎን ለጎን ቆሜ፣ እግሬ በብርድ እየደነዘዘ፣ "የድሮ ሰው መልካምነት!" እያልኩ አደንቃለሁ። አደንቃለሁ ነው የምላችሁ! ሰው እንዲህ ይጃጃላል?

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ጠዋቱ የደብረ ብርሃን ጠዋት ነው፤ ስለሱ ምን እነግራችኋለሁ። ሸሚዜን ለበስኩ፣ በረደኝ። ሹራብ ደረብኩ፣ በረደኝ። በመጨረሻ የባለቤቴን ሮዝ ሹራብ ከሸሚዙ ሥር አድርጌ ቆለፍኩበት። ደረቱ ላይ ቢራቢሮ አለው። ማን ሊያየው ነው? ሰው ወሳጅ ነኝ እንጂ ታካሚው እኔ አይደለሁ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ሲስተር ፍሬሕይወት የምትባል ፈጣን ነርስ ተቀበለችንና ታብሌት አስያዘችን።

"ወረፋችሁ እስኪደርስ ሕመማችሁን በዚህ ሙሉ" አለች። "መናገር ለሚቸግራቸው ታካሚዎች ነው። የሰው ሥዕል አለ፤ እሱ ላይ ያመማችሁን ቦታ ትነካላችሁ፣ የሕመሙን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ መጠኑን በፊቶቹ ታሳያላችሁ። ለኛ ኮምፒዩተሩ ላይ ይመጣልናል፤ የባሰበትን እናስቀድማለን። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ራሱ ያነባል።"

ልስማት ምንም አልቀረኝ። ተገላገልኩ! ጠያቂው ማሽን፣ ተጠያቂዋ አማቴ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጣሪያ አያለሁ። ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ አልታማም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ማሽን በተበላሸ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነኝ። አጥፍቼ አበራዋለሁ። ካልሠራ ግን "ይኼ ከበድ ያለ ነው" እላለሁ።

ታብሌቱን ከፈትኩና ለእማማ አስካለ ሰጠኋቸው። ግራጫ ሰውዬ ብቅ አለ። ፀጉር የለው፣ ልብስ የለው፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እማማ አስካለ አንዴ አይተው ፊታቸውን አዞሩና የነጠላቸውን ጫፍ ስክሪኑ ላይ ጣል አደረጉበት።

"ኧረ በስመ አብ! ራቁቱን እኮ ነው!"

"ሥዕል ነው እማማ። ሰው አይደለም።"

"ሰው ካልሆነ እጅና እግር ምን ያደርግለታል?" ነጠላውን ትንሽ ገለጥ አድርገው በአንድ ዓይናቸው አዩት። "የማን ልጅ ይሆን? ፊቱ ሲታይ ደህና ልጅ ይመስላል።"

"ያመመዎትን ቦታ እሱ ላይ ይንኩ፤ ይቀላል።"

እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። "እሱ ምን በደለና ሕመም አስቀምጥበታለሁ? ወጣት ልጅ ነው። እኔስ ቢሆን ምን ሆንኩና! ጉልበቴ ነው፤ እሱም ብርድ ነው።"

እሺ፣ ሥዕሉ ይቅር ብዬ ወደ ፊቶቹ አለፍኩ። ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ ክብ ክብ ፊቶች ናቸው። የመጀመሪያው ይስቃል፣ የመጨረሻው እንባው ይወርዳል። እማማ አስካለ እዚህስ አላንገራገሩም፤ የሚስቀውን ጠቅ አደረጉት።

"እማማ፣ ይኼ እኮ ምንም አላመመኝም ማለት ነው!"

"ታዲያ ሰው ፊት ላልቅስ እንዴ? ይመስገነው፤ ቆሜ እሄዳለሁ።"

ታብሌቱ እንደ ዜና አንባቢ በተረጋጋ የሴት ድምፅ "ሕመም የለም። ስለ መልስዎ እናመሰግናለን" አለ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የአማቴ ስም ከወረፋው ወርዶ ወርዶ የመጨረሻው ላይ ተቀመጠ። ከኛ በኋላ የመጣ፣ ጣቱን ሚስማር የነካው ሰውዬ እንኳ በላያቸው አለፈ። የባለቤቴ "ፈርቻለሁ" ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ማታ ስትደውል ምን ልላት ነው? "እማዬ በኮምፒዩተር ተረጋግጦ ደህና ናት" ልበላት?

ያኔ ነው መዓቱን በገዛ እጄ የጠራሁት። "እማማ፣ እኔ ላሳይዎት" አልኩና አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ስም ሲለኝ የራሴን ስም ጻፍኩ። ለማሳያ ነዋ! አማቴን አላስደነግጥ ብዬ እኮ ነው።

"ይኸውልዎ፣ ለምሳሌ እኔን እዚህ ጋ አመመኝ እንበል" ብዬ የግራጫውን ሰውዬ ደረት ነካሁት። ቀይ ሆነ። "ደረት" አለች የታብሌቱ ሴትዮ። እማማ አስካለ ነጠላውን ሙሉ በሙሉ አነሱትና ጠጋ አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የሕመም ዓይነት መጣ፦ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይቆርጣል፣ ይነዝራል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይጫናል። እስቲ አስቡት፣ ይኼን ሁሉ ቃል ይዘን ነው ሁላችንም "ደህና ነኝ" የምንለው። "ይጫናል" የሚለውን መረጥኩ። ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል? ወደ ግራ ክንድ ይሂድ። ላብ አለ? ይኑር። የትንፋሽ ማጠር? ምን ገዶኝ፣ እሱም ይኑር! ሕመሙ የእኔ አይደለ፣ ምን አስቆጠበኝ? ፊቶቹ ጋ ስደርስ እንባ የሚያፈሰውን ነካሁና "አዩ፣ እንዲህ ነው፤ ቀላል ነው" እያልኩ "ላክ" የሚለውን ተጫንኩ።

ታብሌቱ ጮኸ። ሴትየዋ የዜና ድምፅዋን ጥላ "አስቸኳይ! አስቸኳይ!" ማለት ጀመረች። ከውስጥ ያለው ኮምፒዩተርም መለሰላት። ስሜ ግድግዳው ላይ በቀይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ብልጭ ድርግም አለ። አጥፍቼ ላበራው ሞከርኩ፤ አልጠፋም። ሲስተር ፍሬሕይወት ዊልቸር እየገፋች ስትሮጥ መጣች።

"ደረቱን ያመመው ማን ነው?"

"ማንም! ለማሳያ ነው! አማቴን ሳስተምራቸው ነው!"

"ይቀመጡ ጋሼ፣ አይናገሩ፤ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ።"

"አልታመምኩም እያልኩሽ!"

"ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይላል" አለችና ትከሻዬን ተጭና አስቀመጠችኝ። እኔም ደንግጬ ስለነበር ማላብ ጀመርኩ። በደብረ ብርሃን ጠዋት ማላብ! ሲስተሯ ግንባሬን ነካች፣ "ላቡ መጣ!" ብላ ጮኸች። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ከጫጫ የመጡ አንድ አዛውንት "አይ፣ ገና ልጅ!" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ልጅ መባሉ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

መጋረጃ ውስጥ አስገብተው አልጋ ላይ ጣሉኝ። ሹራቤን ገፈፉት፣ ሸሚዜን ከፈቱት። ከዚያ ሁሉም ለአፍታ ቆሙ። ሮዙ ሹራብ! ቢራቢሮው! አንዱ ወጣት ሐኪም ሳቁን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲስተሯ ግን "ሕይወት ይቅደም" በሚል ዓይነት ፊት ቢራቢሮውን ወደ አንገቴ ሰበሰበችና የልብ መመርመሪያውን ሽቦ ደረቴ ላይ መለጠፍ ጀመረች። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። እኔ "ለማሳያ ነው! ለማሳያ ነው!" እላለሁ፤ እነሱ "አይዞህ" ይሉኛል።

በዚህ መሃል መጋረጃው ብርግድ ብሎ ተከፈተ። እማማ አስካለ! እኔ በካልሲ ተቀምጬ ከሆነ ሳሎን የማይገቡት ሴት፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ ቀጥ ብለው አልጋው ጋ ደረሱ። አንቱታውም እዚያው በር ላይ ቀረ።

"ልጄን! ልጄን! አታስነሱት! እንዳታራምዱት፣ ሲሄድበት ይብሳል!" ሲስተሯን ክንዷን ያዟት። "እኔ ልንገርሽ፣ ስሚኝ። ሲጀምረው ደረቱ ላይ ጆንያ እህል የተጫነበት ይመስለዋል። ከዚያ እዚህ መንጋጋው ጋ ያንቀዋል። ግራ እጁ ይዝላል፤ ዕቃ አያስይዘውም። ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ዳገት ላይ ነው የሚጀምረው። ቆም ካለ ይተወዋል። ሰው እንዳይነቃበት ደግሞ ቆሞ ሰላምታ ያበዛል፤ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል፣ የሰው ከብት ሳይቀር ይጠይቃል፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ነው።"

ሲስተር ፍሬሕይወት ሽቦውን እንደያዘች ቀረች። "እማማ፣ ይኼን ሁሉ እሱ ነግሮዎት ነው?"

"እሱ ምን ይነግረኛል! ገና ዛሬ ነው የጀመረው! ከኔ ነው የተጋባበት፤ ቤቱ ሰንብቼ እኔ ነኝ ያስያዝኩት!"

እናንተዬ፣ አልጋው ላይ እንደተጋደምኩ ያ ዳገት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ባለሱቁ፣ ዘበኛው፣ የታሰረው በግ። እኚህ ሴት እየታፈኑ "አንተስ ደህና ነህ?" ሲሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ የድሮ ሰው መልካምነት አደንቅ ነበር! እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። አስደንጋጩ ነገር ማሽኑ አልነበረም ለካ።

ብድግ አልኩ፤ ሽቦው ሁሉ ተንጠለጠለብኝ። "ሲስተር፣ እኔን ተይኝ! እሳቸውን እዪያቸው! እኔ ደህና ነኝ!"

"ውሸቱን ነው!" አሉ እማማ አስካለ። "እኔም እንዲሁ ነው የምለው!"

ይኼን ካሉ በኋላ እሳቸውም ያሉትን ሰሙት መሰለኝ። ነጠላቸውን ፈለጉ። ሲስተሯ አንስታ አለበሰቻቸውና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "እማማ፣ ከእርስዎ ከተጋባበት የእርስዎን ሳናይ እሱን ማከም ያስቸግረናል" አለቻቸው።

"ለልጄ መዳኛ ከሆነማ..." ብለው ወደ አልጋው ሄዱ።

እኔ ቢራቢሮዬን ወደ ታች እየጎተትኩ ከመጋረጃው ወጣሁ። ማሽኑ ወረቀት ሲያወጣ ይሰማኛል። ከዚያ የሲስተሯ ድምፅ ተለወጠ፤ ዶክተሩን ጠራችው፣ ሌሎችም ሮጡ። ልብ በሉ፣ በዚህኛው ጊዜ አንድም ሰው አልሳቀም። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከጫጫ የመጡት አዛውንት ገና አላመኑኝም፤ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። አልተቃወምኩም።

ዶክተሩ ሲወጣ ወደ ልባቸው የሚሄደው ደም ሥር መጥበቡን ነገረኝ። ዛሬ ሳይታዩ ወደ አንኮበር ተመልሰው ያን ዳገት ቢወጡ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሊነግረኝ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ለባለቤቴ ደወልኩላት።

"ተናገረች?" አለችኝ፣ ሰላምታም የለ።

"ተናገሩ። እዚሁ አስተኝተዋቸዋል። ልባቸው ነው፤ ግን ደርሰንበታል።"

ስታለቅስ ይሰማኛል። "እንዴት አድርገህ አስነገርካት?"

"ታምሜ" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ማታውኑ ከደነባ ገሰገሰች። በማግሥቱ ጠዋት ሁላችንም አልጋው ዙሪያ ቆመናል። ዶክተሩ መጣ፤ "እንዴት አደሩ እማማ?" አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?" አሉት። ታብሌቱን አቀረበላቸው፤ የሚስቀውን ፊት ነኩ። ዶክተሩ ሊያልፍ ሲል ሲስተር ፍሬሕይወት ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ አለችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማማ፣ ያ የልጅዎ... ደረቱን ያመመው... እንዴት አደረ?"

እማማ አስካለ አንድ ጊዜ አዩኝ። በሽታው እንደማይጋባ ማታ ልጃቸው አስረድታቸዋለች፤ እኔ በሬ የማክል ጤነኛ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ግን መልስ ሰጡ።

"እሱስ ማታ ቀለል ብሎት ነበር። ሌሊት ግን ተኝቶም መጣበት። ተቀምጦ ነው ያለፈለት።"

ዶክተሩ ፊቱ ኮስተር አለ። ተኝቶ የሚመጣ ከሆነ መድኃኒቱ አልበቃም ማለት ነው አለና እዚያው ለወጠው፤ የልብ መመርመሪያውንም አስመጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዎርዱ ሥራ እንዲህ ሆነ። ታብሌቱን ለአማቴ ሲሰጧቸው ይስቃሉ፤ ስለ እኔ ሲጠየቁ ግን ምን ልበላችሁ፣ እንደሳቸው ሕመም የሚናገር ሰው የለም። የት እንደጀመረኝ፣ በየት በኩል እንደወረደ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ እንዴት እንዳደረገኝ። እኔ ጎን ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ተረኛ የሆነች አዲስ ነርስማ አንድ ቀን ለእኔ ኪኒን ልትሰጠኝ ነበር።

ሳምንቱ እያለቀ ሲሄድ ሕመማችን ቀነሰ። ዶክተሩ ደስ ብሎት፣ "ዛሬስ ልጅዎ ምን ይሰማዋል?" አላቸው።

"ዛሬ ምንም አላመመውም" አሉ እማማ አስካለ። ብርድ ልብሱን እያስተካከሉ ትንሽ ቆዩ። "ብቻ ይፈራል። መብራት ሲጠፋ ይፈራል። ተኝቼ ብቀርስ እያለ ዓይኑን ሳይከድን ያድራል። ሰው አጠገቡ ቢያድርለት ደስ ባለው፤ አይናገርም እንጂ።"

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዶክተሩ ታብሌቱን አየ፤ ለዚህ የሚነካ ቦታ ግራጫው ሰውዬ ላይ የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ "እውነት ነው?" አለኝ።

ወንበሬን ስቤ አልጋው ጋ አስጠጋሁ።

"እውነታቸውን ነው ዶክተር" አልኩ። "ብቻዬን ማደር እፈራለሁ።"

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አላደረጉም። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና እጄን ያዙኝ።